ጉልበቱን ከቁጥሩ አትፈልገው

ልጄ፣ አይሱዙ መያዝህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከቡሬ በቆሎ፣ ከፍኖተ ሰላም በርበሬ ጭኖ፣ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት የታታሪ ሰው እንጀራ ነው። እግዚአብሔር መንገድህን ይጠብቅልህ። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። «ኦክቴን ከፍ ያደርጋል፣ ጉልበት ይጨምራል» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ እየገዛህ ናፍጣህ ላይ ታፈሳለህ አሉኝ። ጓደኞችህም «መኪናችን ዳገት የሚከብደው ነዳጁ ኦክቴኑ ስለወረደ ነው» እያሉ ያበረታቱሃል አሉ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርህ።

ኦክቴን የቤንዚን ጉዳይ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ነዳጅ ተደባልቀው ይገባሉ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ያምቃቸዋል፣ ከዚያ ካንዴላው ብልጭ ብሎ ያቀጣጥላቸዋል። የታመቀ ነገር ይግላል። በጣም ሲግል፣ ከካንዴላው ራቅ ብሎ ያለው ድብልቅ እሳቱ እስኪደርሰው ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ ሲነቀነቅ የሚሰጠውን ዓይነት ድምፅ የምትሰማው ያን ጊዜ ነው፤ «ሞተሩ አንኳኳ» የምንለው። ኦክቴን ቤንዚኑ ይህን ያለጊዜው መፈንዳት ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚነግር ቁጥር ነው። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ አይሶኦክቴን ለተባለው ፈሳሽ 100፣ ሄፕቴን ለተባለው ደግሞ 0 ተሰጠ፤ የሌላው ቤንዚን ቁጥር ከሁለቱ ድብልቅ ጋር እየተነጻጸረ ይወጣል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መቋቋም ብቻ መሆኑን ልብ በል። ለ91 ተብሎ የተሠራን ሞተር 95 ብትቀዳለት የሚጨምረው ጉልበት የለም፤ የሚጨምረው ሒሳብህ ብቻ ነው።

ናፍጣ ሌላ ነው። የናፍጣ ሞተር በብልጭታ አይሠራም። አየሩን ብቻውን አስገብቶ እጅግ አድርጎ ያምቀዋል። በየገጠሩ የምታየው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፣ 1ኤችዜድ የሚባለው ሞተር ያለው፣ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ያምቃል፤ የቤንዚን ሞተር ግን በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 እጥፍ ላይ ይቆማል። ናፍጣው በዚያ በጋለ አየር ላይ ሲረጭ ወዲያው በራሱ መቀጣጠል አለበት። እንግዲህ ተመልከት፤ ቤንዚንን በራስህ አትቀጣጠል እንለዋለን፣ ናፍጣን ቶሎ ተቀጣጠል እንለዋለን። የናፍጣው መለኪያ ሴቴን ይባላል፤ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ነዳጅ ሴቴኑ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ለቤንዚን የተሠራ የኦክቴን ማሻሻያ ናፍጣ ላይ ስታፈስ ትንሽ ከሆነ ገንዘብህን ደፋህ፣ ብዙ ከሆነ ደግሞ ናፍጣው እንዳይቀጣጠል አደረግህ። መንገዳችን ላይ የሚሠሩት አይሱዙዎቹ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር፣ ሲኖትራኩ፣ አባቶቻችን የነዱት ፊያት ኤንትሬ ሁሉም የናፍጣ ናቸው። አንዳቸውም ኦክቴን አይጠይቁህም።

«ጠዋት ብርድ ሲሆን ናፍጣው ላይ ትንሽ ቤንዚን ጠብ አድርግበት» የሚልህ ነባር ሹፌር አይጠፋም። አክብረህ ስማው፣ ግን አታድርገው። ናፍጣ ለፖምፓውና ለኢንጀክተሩ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ማለስለሻም ነው፤ ቤንዚን ያን ልስላሴ ያጥበዋል። የዛሬዎቹ ኢንጀክተሮች ግፊታቸው ከፍተኛ፣ ቀዳዳቸው ጥቃቅን ስለሆነ ቶሎ ይበላሉ። ማደያ ላይ በስህተት ቤንዚን ከተቀዳልህም ቁልፉን አታዙር። መኪናውን በሰው አስገፋና ታንኩን አስወርድ። የተደፋው ነዳጅ ያሳዝናል፣ የተበላ ፖምፓ ግን የዓመት ገቢህን ይወስዳል።

ታዲያ ዳገቱ ለምን ይከብዳል ካልከኝ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናቸው፤ እንጅባራ ወደ 2,500 ይጠጋል። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የዚያኑ ያህል ያጣል፤ ይህን የሚመልስ የነዳጅ ቁጥር የለም። ማዳበሪያ ጭነው ከወደብ የሚመጡ ሹፌሮች መኪናቸው እየወጡ በሄዱ ቁጥር ሲለግም ያውቁታል። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ግን ተርቦ የሚገፋው ያገኘውን አየር ነው። በጥርና በየካቲት በቆሎ ልትጭን ከአስፋልት ወጥተህ በየቀበሌው ስትገባ የምትጠጣው አቧራ የአየር ፊልትሮህን በሁለትና በሦስት ጉዞ ሊደፍነው ይችላል። ፊልትሮውን አውጥተህ በብርሃን ፊት ያዘው፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ክላምፑ ላልቶ እንደሆነም በእጅህ ዳብሰው።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ሞተር ደከመ ሲባል መካኒክ ዘንድ ሄዶ «የፖምፓውን ቪቴ ከፍ አድርግልኝ» ብሎ ናፍጣ ማስጨመር ነው። ስስ አየር ላይ ናፍጣ ሲጨመር ጉልበት አይመጣም፤ የሚያቃጥለው አየር የለምና። የሚመጣው ጥቁር ጭስ ነው። ያ ከማርሚታ የሚወጣው ጭስ በውድ የገዛኸው፣ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተኑ ይቃጠላል፣ የተረፈው ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሊብሬው 50 ኩንታል የሚለውን መኪና 80 ጭነህበት ዳገት ከበደው ብሎ ነዳጁን መክሰስም ፍርድ ማጉደል ነው። ከጭነቱ ቀንስለትና ጉልበቱን ታየዋለህ።

አሁን ኦክቴን በእውነት ወደሚያስፈልግበት ልውሰድህ። ነገ የሰው ፕራዶ፣ ቤንዚን ሃይሉክስ፣ ወይም ቪኤይት ንዳልኝ ትባል ይሆናል። መጀመሪያ የነዳጅ ክዳኑን ከፍተህ የተለጠፈውን አንብብ። መኪናው ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ከሆነ ተጠንቀቅ፤ የአሜሪካው ቁጥር የሁለት መለኪያዎች አማካይ ነው፣ የጃፓኑና የአውሮፓው ግን አንዱን ብቻ ይጠቀማል። የአሜሪካው 87 ከሌላው ዓለም 91 ጋር ይቀራረባል፤ የአሜሪካው 91 ደግሞ ወደ 95 ወይም 96 ይጠጋል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይጨነቃል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ይደፍራል። ደግሞም «ይመከራል» እና «ግዴታ ነው» የሚሉትን ለይ። ይመከራል የተባለለት ሞተር ዝቅ ያለ ቤንዚን ቢገባለት ማንኳኳቱን የሚሰማ መሣሪያ ስላለው ኮምፒዩተሩ እሳቱን ትንሽ ያዘገያል፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሞተሩ ግን ይድናል። ግዴታ የተባለለት፣ በተለይ ቤንዚን ሆኖ ተርቦ ያለው፣ ቀልድ አያውቅም።

ከፍታችን እዚህ ላይ ትንሽ ያግዘናል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚያምቀው አየር ያነሰ ነው፤ ማንኳኳቱም ይቀንሳል። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች 85 የሚባል ዝቅተኛ ቤንዚን የሚሸጡት በዚህ የተነሳ ነው። ግን ይህ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ የሚሠራ ሒሳብ ዓባይ ላይ አይሠራም። ደጀን ላይ ከ2,400 ሜትር ተነስተህ ጃፓኖች ባሠሩልን የህዳሴ ድልድይ አጠገብ ወደ 1,100 ሜትር ትወርዳለህ። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል፤ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ጎሐ ጽዮን ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ መውጣት ይጠብቅሃል። ደብረ ማርቆስ ላይ ጸጥ ያለው ቤንዚን መኪና እዚያ ዳገት ላይ ሲያንኳኳ ብትሰማ አትደነቅ። ማርሽ ቀንስ፣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላላ፣ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፋ። በከፍተኛ ማርሽ እየረገጡ ማስጨነቅ ማንኳኳቱን ያባብሰዋል።

ከሽማግሌዎች መካከል «የድሮ ቤንዚን ነበር ቤንዚን» የሚል ትሰማለህ። የድሮው ቤንዚን ኦክቴኑ ከፍ የሚለው እርሳስ እየተጨመረበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚድግሊ የተባለ አሜሪካዊ ያገኘው ዘዴ ነው፤ ሞተሩን ጸጥ አሰኘ፣ ጭሱን የሚተነፍሱትን ሕፃናት አእምሮ ግን ጎዳ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ለመኪና መጠቀሙን ትተውታል፣ በ2021 ደግሞ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ተወችው። አይናፈቅም። ኦክቴንን ሕፃን ሳይጎዱ ከፍ የሚያደርጉ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ከዓባይ ማዶ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያመረተው ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል መጀመሩ አንዱ ነው።

በእኛ አካባቢ የኦክቴን ትልቁ ጠላት ግን በመንገድ ዳር የሚሸጠው ነዳጅ ነው። ማደያው ሲደርቅ ባጃጁም ሞተር ሳይክሉም በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ይገዛል፤ ችግሩ ይገባኛል፣ እንጀራ ነው። ነገር ግን ያ ቤንዚን ላምባ ወይም ናፍጣ ገብቶበት እንደሆነ ማን ያውቃል? ላምባ ኦክቴኑ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂቱ ብቻ ደኅናውን ቤንዚን ያወርደዋል። ፀሐይ ላይ የሰነበተም ቢሆን ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል። መግዛት ግድ ከሆነብህ እንዲህ አድርግ፦ ከእሳት ራቅ ብለህ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል፣ ጥላ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት ዳር ዳሩ ቅባት ሆኖ ይቀራል። ቅባት ከቀረ አትግዛ፤ ለሻጩም በግልጽ ንገረው። ከማደያ ስትቀዳም በቴሌብር የከፈልህበትን መልእክት አታጥፋ፤ ነዳጁ ቢያጣላህ መቼና የት እንደቀዳህ ማስረጃ ይሆንሃል።

ለናፍጣህ ደግሞ ጠላቱ ውኃ ነው። ከእንጅባራ እስከ ቡሬ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ግማሽ ባዶ የሆነ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ላብ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያዝላል፣ ወርዶም ከናፍጣው በታች ይተኛል። ስለዚህ ነዳጅ ከተገኘ ማታ ሙላ እንጂ ለጠዋት አታሳድር። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር የውኃ ማስወጫ አለች። ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ብርጭቆ ከሥሯ አስቀምጠህ ላላ አድርጋት። ወለል ያለው ቢጫ ናፍጣ ከላይ፣ ውኃው ከታች ተለይቶ ይታይሃል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አውርድና መልሰህ አጥብቃት። ክረምት ላይ በየጊዜው፣ በጀሪካን በቀዳህ ማግሥት ደግሞ ሳትውል ሳታድር አድርገው። የኦክቴን ጠርሙስ የምትገዛበትን ገንዘብ አጠራቅመህ ፊልትሮ ግዛበት።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ነዳጅ ይጠፋል ብለህ ቤንዚን በጀሪካን ቤት ውስጥ እንዳታስቀምጥ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ቡና የሚፈላበት ከሰል ድረስ ይሄዳል። ያስቀመጥከው ካለ ዛሬውኑ ከቤት አውጣው።