መድረስና ማድረስ

በአማርኛ ቋንቋችን «ደረሰ» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ጭነት የተሸከመ ቃል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እህል ሲበስል ደረሰ ይባላል፤ ልጅ ለአካለ መጠን ሲበቃ ደረሰ ይባላል፤ መንገደኛ ካሰበበት ሲገባ ደረሰ ይባላል፤ የተጨነቀም ሰው ሲጮኽ «ድረሱልኝ!» ይላል እንጂ «መልእክት ላኩልኝ!» ሲል ተሰምቶ አይታወቅም። ከሁሉ ይልቅ ግን ሐዘን ያገኘውን ሰው ከቤቱ ድረስ ሄዶ ማጽናናትን አባቶቻችን «ልቅሶ መድረስ» ሲሉ ሰየሙት። ስያሜውን ያወጡት ከአንደበት ሳይሆን ከእግር ነው ማለት ነው።

በዘመናችን ግን ይህ ቃል ሌላ ባለቤት አግኝቷል። ዛሬ «ደረሰ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሰው ሳይሆን መልእክት ነው። በቴሌግራም አንድ ምልክት መልእክቱ መላኩን፣ ሁለት ምልክት መነበቡን ያስታውቃሉ። ሦስተኛ ምልክት፣ ይኸውም ላኪው ራሱ መምጣቱን የሚያመለክት፣ እስካሁን አልተፈለሰፈም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ጥያቄ ይህ ነው፦ መልእክቱ የደረሰለት ሰው እርሱ ራሱ ደርሷል ሊባል ይችላልን?

ይህን ጥያቄ በአየር ላይ ከማንሳፈፍ ወደ ምድር ማውረድ ይሻላልና ለምልከታችን ሁለት ከተሞችን መርጠናል። አንደኛይቱ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ወልቂጤ ናት፤ ሁለተኛይቱ ወደ ሆሳዕና በሚያልፈው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ ናት። እነዚህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የጉራጌ ሕዝብ ልጆቹን ወደ ንግድና ወደ ሥራ አርቆ የሚልክ፣ ነገር ግን በመስቀልና በአረፋ ከያሉበት ሰብስቦ ከእናት አባታቸው ደጅ የሚያደርስ ሕዝብ ነው። መራቅንም መድረስንም ያውቃል።

መድረስን ምን ያህል ይወድ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች በየማኅበራቸው ተሰባስበው ገንዘብ እያዋጡ ወደ አገራቸው የሚያስገባ መንገድ ለማሠራት ተነሡ። አንደኛው ማኅበር ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ፣ ሌላውም የሰባት ቤት ጉራጌን መንገዶች ዓላማው አደረገ። ነጋዴው ከትርፉ፣ የቀን ሠራተኛው ከላቡ የቀነሰው ገንዘብ ድንጋይና ጠጠር ሆነ። ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም የወጣው አንድ ነገር ለማግኘት ነበር፤ የታመመን ለመጠየቅ፣ የሞተን ለመቅበር፣ ለበዓል ለመግባት፣ በአጭሩ ለመድረስ። እኛ ደግሞ ከዚያ ሁሉ የፈጠነ መንገድ በመዳፋችን ይዘናል። አስገራሚው ነገር ግን አባቶች መንገዱን የሠሩት ለመድረስ ሲሆን፣ እኛ አዲሱን መንገድ አንዳንድ ጊዜ ላለመድረስ እንጠቀምበታለን።

በጉራጌ መንደር መካከል ጀፎረ የሚባል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ አደባባይ መንገድ አለ። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ይመልሳሉ። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፤ ሰርግም ልቅሶም ያልፍበታል። ማንም ሰው አጥሩን ወደ ጀፎረው ገፍቶ ሊከልለው አይፈቀድለትም፤ የሁሉ ነውና። አንዳንድ ወጣቶች ፌስቡክንና ቲክቶክን «የዘመኑ ጀፎረ» ቢሉ አንቃወማቸውም፤ ሰፊነቱ ይመስላልና። ነገር ግን በጀፎረ የሚያልፍ ሰው ፊቱ ይታያል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነም ይታወቃል። በአዲሱ ጀፎረ ግን የአንበሳ ሥዕል የለጠፈ ሰው ጎረቤቱን ሲሳደብ ይውልና ማታ ያንኑ ጎረቤቱን በአክብሮት ከመቀመጫው ተነሥቶ «እንደምን አመሹ» ይለዋል።

የአዲሱን ጀፎረ ነዋሪዎች ጠባይ ስንታዘብ ሳቅ የሚያስመልጡን ነገሮች ጥቂት አይደሉም። የበረከተ ዕድሜ ያላቸው እናት ልጃቸው ከሩቅ አገር በምስል ሲደውልላቸው፣ ስልክ የጆሮ ዕቃ መሆኑን ከጥንት ያውቃሉና ወዲያው ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል። ልጅ የእናቱን ፊት ሊያይ ናፍቆ የጆሮዋን ጉትቻ ብቻ ሲያይ ያመሻል። ሌላው ደግሞ የወጣትነት ፎቶግራፉን በጥቁርና ነጭ ለጥፎ «ያ ደግ ዘመን!» ብሎ ይጽፋል። አንዱ ቸኩሎ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ሁለተኛው አንደኛውን አይቶ ይደግማል፤ ሲመሽ ባለ ፎቶው «ወገኖቼ፣ በሕይወት አለሁ» የሚል መግለጫ ለማውጣት ይገደዳል። በመስቀልም ክትፎው በጣባ ቀርቦ፣ ቆጮው ተቆርጦ፣ አይቡና ጎመኑ በየቦታቸው ተደርድረው ሳለ፣ ከአዲስ አበባ የገባው እንግዳ «አንድ ጊዜ አትንኩት!» ብሎ ስልኩን ይደግናል። በቀኝ ያነሣል፣ በግራ ያነሣል፣ ከወንበር ላይ ወጥቶ ያነሣል። ለብ ብሎ ሊበላ የተዘጋጀው ክትፎ በርዶ፣ አባት እጃቸውን ታጥበው በመጠበቅ ላይ ይገኛሉ።

ፈጣሪዎቹም ቢሆኑ ሐዘንን ዘንግተውት ነበር። የፌስቡክ «ወድጄዋለሁ» የሚል የአውራ ጣት ምልክት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ ከእርሱ ሌላ ምልክት አልነበረም፤ የሚያለቅሰው ፊት የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሰባት ዓመታት «አባቴ አረፈ» ብሎ ለጻፈ ሐዘንተኛ ወዳጆቹ ሳይጽፉ ሐሳባቸውን በምልክት ቢገልጹ የሚሰጡት አውራ ጣት ብቻ ነበር። ደግነቱ የአገራችን ሰው ከአውራ ጣቱ ሥር «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ይዘንለት» እያለ በመጻፍ የጣቱን ነውር ይሸፍንለት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያስቅ ነው። አሁን የምንናገረው ግን አያስቅም።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞትበት ወሬው ወደ ዘመዱ ብቻውን አይላክም፤ ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ባለ ሐዘኑ የልብ ሕመም እንዳለበት፣ በመንገድ ላይ እንዳይሆን፣ ነፍሰ ጡር እንዳትሆን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ገና ሲነጋ ከቤቱ ይገኛሉ። በር ሲከፈት የሚታየው አስቀድሞ ሰው ነው፤ ቃሉ የሚመጣው ከሰው በኋላ ነው። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ቃሉ ከመነገሩ በፊት ደርሷል። ይህን ሥርዓት የመሠረቱት ሰዎች ስለ ነፍስ ጠባይ መጽሐፍ አልጻፉ ይሆናል፤ ነገር ግን ከባድ ቃል የሚደገፍበት ሰው ሳይኖር መነገር እንደሌለበት ተረድተው ነበር።

አዲሱ መንገድ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ቃሉ ይደርሳል፤ ሰው አይደርስም። ከሩቅ አገር መጥቶ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ተማሪ እናስብ። ሌሊት መኝታው ላይ ሆኖ ስልኩን ሲከፍት የአባቱን ፎቶግራፍ ያያል፤ ከሥሩም «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ያነባል። የጻፈው ሰው አባቱን አንድ ቀን እንኳ አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ወይም ከቡታጅራ ሰው ጭኖ የተነሣ ሾፌር የእናቱን ሞት በመሪው ላይ ሳለ ቢያነብ ምን ይሆናል? ለጥፎ ያሰራጨው ሰው ክፉ ልብ የለውም፤ አስቀድሞ ሐዘኑን ለመግለጽ መሽቀዳደሙ ነው። ነገር ግን በልቅሶ ቤት የሚመሰገነው ቀድሞ የደረሰ ሰው ነበር፤ ቀድሞ ያወራ ሰው አልነበረም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎች «ይህ የአዲስ ነገር ጥላቻ ነው» ይሉን ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን የአባቷን ቀብር ልትደርስ አይቻላትም፤ በስልክ የተሰማው ልቅሶዋ ግን እውነተኛ ልቅሶ ነው። በእስልምና ሥርዓት ጀናዛ ብዙ ሰዓት አይቆይም፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቡታጅራ ለመድረስ የሚጣደፈውን ልጅ የሚያስነሣው የስልኩ ጥሪ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር ከመጣ ጀምሮ የዕድር መዋጮ በአንድ ጊዜ ከሩቅ ይገባል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። መልካምነታቸውም የሚታወቀው ስልኩ ወይ መድረስ ለማይችለው ምርኩዝ ሲሆን፣ ወይ መድረስ የሚችለውን ሲያስነሣው ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በሌሊት ሲጮኽ ተኝቶ የነበረውን ያስነሣል እንጂ «ሰምቻለሁ» ብሎ ተመልሶ እንዲተኛ አያደርገውም።

ሌሎች ደግሞ «በአካል የሚመጣው ሰው ሁሉ በልቡ መጥቷልን? ቅጣት ፈርቶ፣ ወይም ለመታየት ሲል ድንኳን የሚቀመጥ የለምን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ብርቱ ነው። አለ፤ ሞልቷል። ከድንኳኑም ውስጥ ሆኖ ስልኩን ከጋቢው ሥር ደብቆ ቲክቶክ የሚያይ፣ ድምፁም በድንገት አምልጦ በንፍሮው መካከል ዘፈን የሚያሰማ አለ። ሆኖም ለመታየት የመጣውም ቢሆን ውሃ ሲፈለግ ይላካል፤ የድንኳኑ ምሰሶ ሲያዘነብል ይይዛል፤ አስከሬን ሲነሣ ትከሻውን ይሰጣል። ልቡ ባይገኝ ጉልበቱ ተገኝቷል። ጉልበቱ እዚያ በመሆኑም የሌላውን እንባ አይቶ ልቡ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ከሩቅ ለተቀመጠ ሰው ግን ይህ ዕድል የጠበበ ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ሐዘንተኛ ብዙ ቃል አይፈልግም። ልቅሶ ቤት ገብተን፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ዝም ብለን እንቀመጣለን። ያ ዝምታ ይናገራል፤ «ሥራችንን ትተን እዚህ ነን» ይላል። በስልክ ሁሉን መላክ ይቻላል፤ ቃል፣ ሥዕል፣ ድምፅ፣ ገንዘብ። ዝምታን ግን መላክ አይቻልም። በስልክ ዝም ያለ ሰው የሌለ ሰው ነው፤ ከአጠገባችን ዝም ያለ ሰው ግን ከሁሉ ይበልጥ አለ።

እንግዲህ መልእክት ምንድን ነው ብንል፣ ለንግድ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንመልሳለን፦ መልእክት ዱቤ ነው። ዱቤ ነውር አይደለም፤ በታመነ ሰው መካከል የተከበረ ነገር ነው። ነውር የሚሆነው ዱቤውን ራሱን ክፍያ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ሲገኝ ነው። አንድ የዕቁብ አባል በዕጣው ቀን ገንዘቡን አልልክም ብሎ «ልቤ ከእናንተ ጋር ነው» የሚል ጽሑፍ ከተሰበረ ልብ ሥዕል ጋር ቢልክ የዕቁቡ ዳኛ ምን ይሉታል? ይስቁበታል፤ ከዚያም ዋሱን ያስጠራሉ። በብር ያልተቀበልነውን በወዳጅነት ስለ ምን እንቀበላለን?

ከዚህ በመነሣት ለሁላችንም የሚበጅ የሚመስለንን ጥቂት ምክር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የሞተ ሰው ስምና ፎቶግራፍ ቤተ ሰቡ ሁሉ መርዶውን በሥርዓት ሳይሰማ ወደ አደባባይ አይውጣ፤ ይህን ለመጠበቅ አዋጅ አያስፈልግም፤ ጨዋነት ይበቃል። ሁለተኛ፣ የሐዘን መልእክት የላከ ሰው፣ ባሕርና ድንበር ካልከለከለው በቀር፣ በሳምንቱ ባይሆን በአርባው፣ በአርባው ባይሆን በመስቀል ወይም በአረፋ ሲገባ በእግሩ ሄዶ ይክፈለው። ሦስተኛ፣ ዕድሮቻችን በቴሌግራም መጠራራታቸው ደግ ነው፤ ስም ሲጠራ ግን «አለሁ» የሚለው ድምፅ ከድንኳኑ ውስጥ ይሰማ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ሹማምንትም ለባልደረቦቻቸው በዚህ አርአያ ቢሆኑ ትምህርቱ ፈጥኖ ይዘልቃል።

ሰው በዓለም ሲኖር ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፤ ማድረስና መድረስ። ማድረስ ዛሬ በጣም ረክሷል፤ አውራ ጣት ያለው ሁሉ ይችለዋል። መድረስ ግን ዋጋው እንደ ጥንቱ ነው፤ ዛሬም ቀን ያስፈልጋል፣ ዛሬም መሣፈሪያ ያስፈልጋል፣ ዛሬም የጭቃ መንገድ መርገጥ ያስፈልጋል። ዋጋው ባለመቀነሱ ደግሞ ክብሩ አልቀነሰም። ከወልቂጤ መናኸሪያ ወርዶ፣ ጫማውን አራግፎ፣ ከሐዘንተኛው ደጅ የቆመው ሰው ምንም ባይናገር እንኳ፣ በር የከፈተችለት እናት የምትለው አንዲት ቃል አለች፦ «ደረስክልኝ።»