«ዘጉብን»፦ ሴራ ለምን ይጥመናል?

መብራት ሲጠፋ በአማርኛ ሁለት አባባል አለን። አንዱ «መብራት ሄደ» ነው፤ መብራቱ በራሱ እግር ተነሥቶ የወጣ፣ ሲያሻው ደግሞ ተመልሶ «መጣ» የሚባል እንግዳ ይመስል። ሌላው «አጠፉብን» ነው። በዚህኛው ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጨምረዋል። ስማቸው ያልተጠራ «እነሱ» አሉበት። መጨረሻ ላይ የተለጠፈች «ብን» ደግሞ አለችበት፤ ነገሩ የተደረገው በእኛ ላይ መሆኑን የምትናገር። ጨለማው ያው ጨለማ ነው፣ ሻማ ፍለጋውም ያው። ግን «ሄደ» ስንል አንድ ነገር ሆነ ማለታችን ነው፤ «አጠፉብን» ስንል ደግሞ አንድ ሰው ሆን ብሎ አደረገብን ማለታችን።

ሰው ለምን በሴራ ትንተና ይሳባል የሚለውን ጥያቄ ሳስብ ሁሌ ወደዚህች «ብን» እመለሳለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ስላልተማሩ ነው» የሚል ነው። አይመስለኝም። ዲግሪ ያላቸው፣ ከእኔ የተሻለ ሒሳብ የሚችሉ፣ ግን «ጨረቃ ላይ ሰው አልወጣም» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። ችግሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕውቀት ይፈውሰው ነበር።

እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ቀኔን በአብዛኛው የማሳልፈው የተበላሸ ነገር ለምን እንደተበላሸ በመፈለግ ነው። ስለዚህ ምሳሌዬን ከዚያው ሰፈር ላምጣ።

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ሜሴንጀርና ዋትሳፕ በመላው ዓለም ባንድ ጊዜ ጠፉ። ለስድስት ሰዓት ገደማ። እስቲ የቀኑን ነገር አስቡት። ከአንድ ቀን በፊት ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ፣ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ያወጣችው እሷ መሆኗን ተናግራለች። አዲስ አበባ ደግሞ በዚያው ሰኞ አዲስ መንግሥት ተመሥርቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው «ማስረጃ እያጠፉ ነው» ቢል፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ «ዘጉብን» ቢል፣ ሁለቱም የሚያሳምን ታሪክ ይዘዋል። ሁለቱ ታሪኮች ግን አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የቀን መገጣጠም ማለት ይኸው ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ ይመሰክራል።

የሆነውን ኩባንያው በማግሥቱ ጽፎታል። የዳታ ማዕከሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ዋና መስመር አቅም ለመፈተሽ፣ በመደበኛ ጥገና ላይ አንድ ትእዛዝ ተሰጠ። ትእዛዙ ሳይታሰብ መስመሩን በሙሉ አቋረጠው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማስቆም የነበረበት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ራሱ ባግ ስለነበረበት አላስቆመውም። መስመሩ ሲቋረጥ የኩባንያው የዲኤንኤስ ሰርቨሮች «እኛ ጤነኛ አይደለንም» ብለው ራሳቸውን ከኢንተርኔት ካርታ ላይ አወጡ፤ እንዲያ እንዲያደርጉ ነበር የተሠሩት። ኢንጂነሮቹ ከሩቅ ሆነው ችግሩን የሚፈቱባቸው መሣሪያዎችም በዚያው መስመር ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ስለዚህ ሰው በአካል ወደ ማዕከሎቹ መላክ ነበረበት። ማዕከሎቹ ደግሞ ሆን ተብሎ ለመግባት አስቸጋሪ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ታሪክ በጣም የሚታመን ነው። ለሌላው ሰው ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። በቢሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚጠቀምበት ነገር በአንዲት ትእዛዝ? በጥገና ላይ? ትልቅ ነገር ሲወድቅ ልባችን ትልቅ ገፊ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ የሆነውም ይኸው ነው። በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚጠበቅ ሰው፣ በፖስታ በታዘዘ ጠመንጃ፣ በ24 ዓመቱ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ እጅ ሞተ ሲባል ሚዛኑ አልገጥም ይላል። ብዙ አሜሪካውያን እስከ ዛሬ ድረስ ሚዛኑን ለማስተካከል ሌላኛው ወገን ላይ ሲአይኤን፣ ማፍያን፣ ኩባን ይጨምሩበታል።

ገፊ መፈለጋችን ደግሞ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ አጭር የሥዕል ፊልም ለተማሪዎች አሳዩ። በፊልሙ ላይ ሰው የለም። ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና አንዲት ክብ፣ በር ባለው ሳጥን ዙሪያ ይንቀሳቀሳሉ፤ በቃ። «ምን አያችሁ?» ሲባሉ ግን ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ስለ ሰዎች አወሩ። ትልቁ ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ ሆነ፣ ሌሎቹ ደግሞ የሚያሳድዳቸውን የሚሸሹ ፍቅረኞች። አእምሯችን እንቅስቃሴ ሲያይ ሐሳብ ያያል። ይህ ጠቅሞናልም። በሌሊት ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ «ጅብ ነው» ብሎ የሮጠ ሰው፣ ነፋስ ሆኖ ቢገኝ ያጣው ትንፋሹን ብቻ ነው። «ነፋስ ነው» ብሎ የተኛው ግን፣ ጅብ ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለተኛ አይሳሳትም።

እኛ አገር በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ያደግነው ሰምና ወርቅ በሚከበርበት ባህል ነው። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ የዋህ ነው፤ ወርቁን የቆፈረ ብልህ። ውበቱን አልክድም። ግን ቅኔ ውስጥ ወርቅ የሚገኘው ባለቅኔው ስላስቀመጠው ነው። ሰርቨር ሲወድቅ ባለቅኔ የለም።

እዚህ ላይ ባቆም ጽሑፌ ንቀት ይሆናል፤ «እናንተ ጅብ ፈሪዎች፣ እኔ ኢንጂነር» እንደማለት። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ምክንያቱም ጅቡ አንዳንዴ እውነትም ጅብ ነው።

ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ምክንያት ማረፋቸውን ተናገረ። በዚያን ጊዜ ቤቱን ዘግቶ «ገድለዋቸው ነው» ብሎ ያንሾካሾከ ሰው፣ ዛሬ በምንጠቀምበት ቋንቋ የሴራ ተንታኝ ነበር። በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972፣ ለ40 ዓመታት፣ የመንግሥት ጤና አገልግሎት በአላባማ ግዛት ቱስኪጊ ውስጥ ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች «እያከምናችሁ ነው» እያለ ሳያክም ይከታተላቸው ነበር፤ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም። ኢንተርኔትንም ካነሣን፣ በ2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን መዘጋቱን፣ በ2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ደግሞ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ መጥፋቱን የማያስታውስ የለም።

ስለዚህ በዚያ ሰኞ ምሽት ስልኩን አይቶ መጀመሪያ «ዘጉት እንዴ?» ያለ ኢትዮጵያዊ ሞኝ አልነበረም። ካየው ተነሥቶ ነው የገመተው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። ልጡን እባብ ያስመሰለው ዓይኑ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በፊት የነደፈው እባብም ነው። ምሥጢር የሚያበዛ መንግሥት ወይም ድርጅት ሕዝቡ በወሬ መኖሩን ሲኮንን ስሰማ የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ወሬውን የዘራውስ ማን ሆነና?

ታዲያ በመጠርጠርና በሴራ ትንተና መካከል ያለው ልዩነት የቱ ላይ ነው? ሁለቱም የሚጀምሩት በአንድ ጥያቄ ነው። የሚለያዩት ከጥያቄው በኋላ ነው።

ያው ሰኞ ምሽት ላይ እንቆይ። ጠርጣሪው «ዘጉት እንዴ?» ይላል፤ ከዚያ ጉግል ይከፍታል፣ ይሠራል። ቴሌግራም ይሞክራል፣ ይሠራል። ናይሮቢ ላለ ጓደኛው ይደውላል፤ «እኛም ጋ ዋትሳፕ የለም» ይባላል። «እሺ፣ ይኼኛውስ እነሱ አይደሉም» ብሎ እራቱን ይበላል። የሴራ ተንታኙ ግን ስለ ናይሮቢ ሲነገረው «አየህ፣ እንዳይነቃባቸው እዚያም አብረው አጠፉት» ይላል። ማስረጃ ካለ ማስረጃ ነው፤ ከሌለ ደብቀውታል። የሚያፈርሰው ነገር ሲመጣ ጭራሽ ያጠነክረዋል። በእኛ ሥራ ማንኛውም ውጤት ቢመጣ «አልፏል» የሚል ቴስት ቴስት አይባልም፤ ይሰረዛል። አረንጓዴ መብራት ያሳያል፣ ደስ ያሰኛል፣ ስለ ፕሮግራሙ ግን ምንም አይነግርህም።

የአፖሎ ፕሮግራም ላይ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሠርቷል። ውሸት ቢሆን ለማጋለጥ ከማንም በላይ ምክንያት የነበራት ሶቪየት ኅብረት ጉዞውን በዓይነ ቁራኛ ስትከታተል ነበር፤ «ውሸት ነው» አላለችም። ይህን ስትነግረው «ሶቪየቶቹም አብረው ናቸው» የሚል ሰው አለ። ያኔ ክርክሩ ስለ ጨረቃ መሆኑ አብቅቷል። ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1945 «ክፍት ማኅበረሰብና ጠላቶቹ» በተሰኘ መጽሐፉ ይህን አስተሳሰብ ከጥንት ግሪኮች አማልክት ጋር አነጻጽሮት ነበር። ጥንት የጦርነቱም የማዕበሉም ምክንያት የአማልክት ተንኮል ነበር፤ አማልክቱ ሲሄዱ ቦታቸውን ኃያላን ሰዎችና ቡድኖች ወረሱት። ፖፐር ሴራ የለም አላለም። ሴራ አለ፣ ግን እንደታሰበው የሚሳካው ጥቂቱ ነው ነው ያለው። አራት ሰው ያለበት የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አስተሳሰብ ነው። ጥያቄውን የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያደርገው ግን ዋጋውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

የሴራ ትንተና ከኢንተርኔት ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ያስብ። ልጅ ታመመ። ትናንት ሲጫወት ነበር፣ ዛሬ ያቃጥለዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ያለ ምክንያት መቀመጥ ደግሞ ለእናት አይቻልም። ስለዚህ ልጁ «ታመመ» መባሉ ቀርቶ «ተበላ» ይባላል። ከተበላ በዪ አለ። በዪው ማን ነው? ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ በጎንደር አካባቢ ደግሞ ቤተ እስራኤሉ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። እንግዲህ ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የሠራው፣ እናትየው እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ ያበጀችው እነሱ ናቸው። ቀን የሚፈለጉ፣ ማታ የሚፈሩ። «አይደለሁም» ብትል ምን ዋጋ አለው? ቡዳ መች «ነኝ» ይላል? ማንኛውንም ውጤት የሚያልፍ ቴስት ማለት ይኸው ነው፤ የሚፈተነው ግን ፕሮግራም ሳይሆን ሰው ነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ቃሉ ግን አልሞተም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እናቲቱ ክፉ አይደለችም። ሕመሟ እውነተኛ ነው። ምክንያት ስታገኝ ትንሽ ቀለል ይላታል፤ ለማይታወቅ ነገር ከማልቀስ የሚታወቅ ሰው ላይ መቆጣት ይሻላል። ግን ያቺ ትንሽ እፎይታ የተገዛችው በሸክላ ሠሪዋ ሕይወት ነው። ልጇን የምትድርበት፣ ውኃ የምትቀዳበት፣ ለቅሶ የምትደርስበት ቤት እየጠበበ ይሄዳል። ዛሬም «የኑሮ ውድነቱ የእነዚያ ሥራ ነው»፣ «በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው» ስንል የምንሠራው ይህንኑ ሒሳብ ነው። «እነሱ» የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ቶሎም ይሁን ዘግይቶ የአንድ ጎረቤት፣ የአንድ ሃይማኖት፣ የአንድ ብሔር ስም ይገባበታል።

ሌላም ተጠቃሚ አለ፤ እውነተኛው ሴረኛ። ሁሉ ነገር ሴራ ነው በሚባልበት አገር አንዱን እውነተኛ ሴራ የሚያጋልጥ ጋዜጠኛ ቢመጣ፣ ከሺህ ወሬዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል። ጭሱ በበዛበት እሳቱ አይታይም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማሾፍ አይሠራም። በዕድሜ የሚበልጣችሁ ሰው ቴሌግራም ላይ ያየውን ሲነግራችሁ «ውሸት ነው» ማለት ነውርም ነው፣ ጥቅምም የለው። አንድ ጥያቄ ግን በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ምን ቢገኝ ነው ይሄ ነገር አይደለም የሚሉት?» መልስ ካላቸው አብራችሁ ልትፈልጉ ትችላላችሁ። «ምንም ቢገኝ» ካሉ ደግሞ ቢያንስ የምታወሩት ስለ ማስረጃ እንዳልሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፤ ወሬውን ወደሚያስፈራቸው ነገር መውሰድ ይሻላል። ጥያቄውን ለራስም መጠየቅ አለብን፣ በተለይ ታሪኩ የማንወደውን ወገን በሚወነጅልበት ቀን።

ማብሪያ ማጥፊያው በእጁ ያለ ደግሞ የራሱ ዕዳ አለበት። ጥሩ የሶፍትዌር ቡድኖች ሲስተም ከወደቀ በኋላ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ይጽፋሉ፤ የሚያሳፍር ቢሆንም። መብራት፣ ባንክ፣ ቴሌ ወይም መንግሥት ሲዘጋ «ዘግቻለሁ፣ በዚህ ምክንያት»፣ ሲበላሽበት «ተበላሽቶብኛል፣ እዚህ ጋ» ቢል፣ ሁሉም ሰው ባያምነው እንኳ ጠርጣሪው የሚያመሳክርበት ነገር ያገኛል። ዝም ካለ ግን ጠርጣሪውንና የሴራ ተንታኙን አንድ ጨለማ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ድምፁ ከፍ የሚለው የሁለተኛው ነው።

ማብራሪያው እስኪመጣ ድረስ ለእኛ የሚቀረን አንድ ቃል ነው፤ «እንጃ»። ብዙ ሰው እንደ ስንፍና ያየዋል። ለእኔ ግን ከባድ ሥራ ነው የሚመስለኝ፤ ልጅ ታሞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ገንዘብ ረክሶ፣ የሚወነጀል ጎረቤት በቅርብ እያለ፣ «እንጃ፣ ገና አላወቅኩም፣ እየፈለግኩ ነው» ብሎ መቆየት።