ብቻውን ስለሚታደስ ነገር

የግሪክ ሊቃውንት ስለ ህላዌ ሲከራከሩ ለምሳሌ ከመረጧቸው ነገሮች መካከል እንደ ቴሴዎስ መርከብ ዘመን የተሻገረ ጥቂት ነው። ፕሉታርክ እንደ ተረከው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያኖሩ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በስፍራው አዲስ ሲተኩ ኖረው፣ ያው የቀድሞው መርከብ ነው በሚሉና አይደለም በሚሉ ፈላስፎች መካከል ክርክር ተነሣ፤ በ17ኛው መቶ ዓመትም እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ፣ የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ለቅሞ በቀድሞው ሥርዓታቸው ሁለተኛ መርከብ ቢያቆምባቸው እውነተኛው የትኛው ይባላል ብሎ ጥያቄውን አጠበቀው። ነገሩ ጥልቅ ነው። ነገር ግን ሳንቃ ከሳንቃ አጠገብ ዝም ብሎ የሚተኛ ነገር ነውና፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ምን ዓይነት ኑሮ ይኖራል የሚለው ጥያቄ ከመርከብ ምሳሌ በቀላሉ አይወጣም። ምሳሌው ከአሮጌ አውቶሞቢል ካምቢዮና ዲፈረንሻል ተወስዶ ቢሆን ኖሮ፣ ክርክሩ “ያው ነውን?” ከማለት አልፎ “አብሮ ይኖራልን?” ወደሚለው፣ ለሃይማኖት ሰው ይበልጥ ወደሚያስፈራው ጥያቄ በደረሰ ነበር።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከ2023ቱ ጦርነት በፊት በካርቱም ደቡብ፣ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር የተመለከትሁት የአንድ ሂልማን ሃንተር ጥገና ነው። አል-ሳሃፋ ወደ ክፍላተ ሀገር የሚሄዱ አውቶቡሶች ይነሡበት ከነበረው ከሚና በሪ የማይርቅ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሱዳናውያን ጋር ተጎራብተው ቡና ያፈሉበት፣ ልጅ ያሳደጉበት፣ ወደ ሌላ አገር የሚያሻግር ወረቀት የጠበቁበት ሰፈር ነው። ሂልማን ሃንተር የሚባለው የእንግሊዝ መኪና ደግሞ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1966 እስከ 1979 የተሠራ፣ በ1968 ከለንደን እስከ ሲድኒ በተደረገው ረጅም እሽቅድምድም አንደኛ የወጣ ሲሆን፣ በካርቱምና በኦምዱርማን ግን ቢጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ታክሲ ሆኖ፣ ሃቡብ የሚሉትን የአቧራ ማዕበል እየጠጣ ያረጀ ነው። የምናገርለት መኪና መሪው በቀኝ ነበርና፣ ሱዳን በ1973 የመንገዷን ሥርዓት ከግራ ወደ ቀኝ ከመለወጧ አስቀድሞ የገባ ይመስላል። ባለቤቱ ከታክሲ ሥራ ያረፉ አንድ ሽማግሌ ሐጅ፣ መካኒኩ ከጎንደር በኩል የተሰደደ፣ ማተቡን ከአንገቱ ያልፈታ ሰው ነበር፤ እርሱ “ያ ሐጅ” እያላቸው፣ እሳቸውም በዐረብኛ “ያ ኡስታ”፣ ማለትም “አንተ ባለሙያ” እያሉት፣ ስለ ዋጋ በቀር በምንም ሳይጣሉ ይሠሩ ነበር።

መጀመሪያ የታደሰው ሞተሩ ነው። 1725 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዘው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ፒስተኑና ኩሽኔታው ተለውጦ፣ የሚስተካከለው ሁሉ በቶርኖ ቤት ተስተካክሎ ወደ ስፍራው በተመለሰ ጊዜ ሁሉም ደስ አለው፤ ደስታው ግን ከሰፈሩ ዋና መንገድ አላለፈም፤ የደከመውን ሞተር ያለ ችግር ሲያስተናግድ የኖረው ፍሪሲዮን የአዲሱን ኃይል መሸከም ተስኖት ይንሸራተት ጀመር። ፍሪሲዮኑ ተለወጠ፤ እርሱ አጥብቆ በያዘ ጊዜ ኃይሉ ሳይባክን ወደ ኋላ ስለ ደረሰ የካርዳኑ መጋጠሚያ፣ ክሮቸራው፣ በየማርሹ ለውጥ ይንኳኳ ጀመር። ክሮቸራውም ሲለወጥ ዲፈረንሻሉ ጮኸ። ከተመልካቾቹ አንዱ መኪናውን ያበላሸው ጥገናው ነው፣ ሳይነካ በፊት ደኅና ይሄድ ነበር ብሎ ሲፈርድ ሰምቼ፣ ፍርዱ ከሞኝነት ብቻ የመጣ አለመሆኑ ገባኝ። በእርግጥም መኪናው ይሄድ ነበር፤ የሚሄደው ግን ድካም ከድካም ጋር ተስማምቶ በሚኖርበት ሰላም ነበር። የሞተሩ ድካም የፍሪሲዮኑን፣ የፍሪሲዮኑ መንሸራተት የዲፈረንሻሉን ጉድለት ሸፍኖት ኖሯል። በሰው ቤትም እንዲህ ያለ ሰላም ብዙ ነው፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ ሲድን የሌላው ሕመም የሚገለጥበት።

ካምቢዮው በተፈታ ጊዜ ከጥቁሩ ዘይት ጋር የላመ ሰጋቱራ ተገኘ። ያረጀ ካምቢዮ ጩኸቱ እንዳይሰማ ሰጋቱራ መጨመር ያገለገለ መኪና የሚሸጡ ሰዎች በብዙ አገር የሚያውቁት ተንኮል ነው፤ መካኒኩም አይቶ ስቆ ዝም አለ። እኔ ግን ያን ያደረገውን፣ ስሙንም መልኩንም የማላውቀውን ሰው ለመኮነን አልቸኮልሁም። ሻጭ ከሆነ አታሏል፤ ነገር ግን መለዋወጫ ከጠፋበት ከተማ፣ ለልጆቹ የዕለት እንጀራ የሚያስገባበትን መኪና አንድ ሳምንት ለማቆየት ያደረገው የታክሲ ነጂ ከሆነ፣ ኃጢአቱን ከችግሩ ለይቶ የሚመዝን ሚዛን በእኔ እጅ የለም። የንስሐ አባቶቻችን ቀኖና ሲሰጡ ስለ ድርጊቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አኳኋኑም የሚጠይቁት ስለዚህ ይመስለኛል።

የዲፈረንሻሉ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ከካርዳኑ የመጣውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያዞሩት ሁለት ጥርሳሞች ናቸው፤ ትልቁ ክብ ኮሮና፣ ትንሹ ፒኞን ይባላል። ፒኞኑ ከኮሮናው መካከል ዝቅ ብሎ ስለሚገጥም ጥርሶቻቸው ሲገናኙ መነካካት ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህም በፋብሪካው ሁለቱን አጋጥመው፣ የሚሞርድ ቅባት ቀብተው፣ አንዱን በሌላው ላይ እያሽከረከሩ ያላምዷቸዋል፤ ጥንድ መሆናቸውም እንዲታወቅ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመቱባቸዋል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይፋጫሉ፤ እያንዳንዱም በባልንጀራው መልክ ያልቃል። የሐጁ መኪና ፒኞን ጥርሱ ተሸርፎ ተገኘ። የእንግሊዙ ፋብሪካ ሃንተርን መሥራት ካቆመ ዘመን አልፎታል፤ ይሁን እንጂ ኢራን ይህንኑ መኪና ከ1967 ጀምሮ ፔይካን በሚል ስም በቴህራን ስትሠራ እስከ 2005 ስለ ዘለቀች፣ ብዙው ዕቃ ከዚያ ይገኝ ነበር፤ እስቤራት የሚሉትን መለዋወጫ ከሚሸጡት ነጋዴዎች አንዱ ጥንዱን አጥቶ፣ ከየትም ያምጣው ከየት፣ ያልተነካ ፒኞን ብቻውን ሸጠላቸው። የጥርሱ ቁጥር ልክ ነው፣ ልኬቱም ልክ ነው። መካኒኩ ከኋላው ስስ ቀለበት እየጨመረና እየቀነሰ ጥልቀቱን አስተካከለ፤ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ገደማ አደረሰው፤ ቀለም ቀብቶም የት እንደሚነካኩ መረመረ። ቀለሙ ግን ከጥርሱ መካከል ሊተኛ እምቢ አለ፤ አንዴ ወደ ጫፍ፣ አንዴ ወደ ሥር ይሸሽ ነበር፤ መኪናውም በመንገድ ላይ ከቀድሞው የባሰ ጮኸ።

ሐጁ ከመኪናው ወርደው፣ “ያ ኡስታ፣ እንግዲህ የምትወቅሰው የትኛውን ነው? አዲሱን ነው ወይስ አሮጌውን?” አሉት። እርሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ያ ሐጅ፣ አዲሱም ደኅና ነው፣ አሮጌውም ባለበት ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ ከመካከላቸው ነው” አላቸው።

ይህን የተናገረው ሰው ቅዱስ ባስልዮስን አንብቦ አይደለም። ነገር ግን የቂሣርያው ሊቅ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አለመሆኑን ሲያስተምር፣ ክፋት የራሱ ህላዌ የሌለው፣ እንደ አንድ ፍጥረት በራሱ የማይቆም መሆኑን ገልጧል፤ መካኒኩም በኮሮናው ውስጥ ቢፈልገው ያላገኘውን፣ በፒኞኑ ውስጥ ቢፈልገው ያላገኘውን ጥፋት፣ ቤት በሌለው ስፍራ፣ በመነካካታቸው ላይ አገኘው። ጌታ በወንጌል ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የሰጠውን ምሳሌ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ ነቀፌታው ወደ አሮጌው ብቻ የተወረወረ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ምሳሌው አሮጌውን ልብስ ጨርሶ አይሰድበውም፤ የሚያዝንለትም ይመስላል፤ አዲሱ በጥንካሬው ይቀደዋልና። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በኋላ የሆነው ነው። መካኒኩ አዲሱን ፒኞን አውጥቶ፣ በጓሮ ከወደቀ ከሌላ ሂልማን ኮሮናና ፒኞኑን አንድ ላይ ፈትቶ ቢገጥማቸው፣ ሁለቱም ያረጁ፣ ሁለቱም ያለቁ ሲሆኑ፣ በአንድነት ያለቁ ስለሆኑ ያለ ጩኸት ዞሩ። የሆብስ ጥያቄ በአል-ሳሃፋ ጓሮ በየዕለቱ ይፈታ የነበረው እንዲህ ነው፤ ከመኪኖቹ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ የሚጠየቀው ማን ከማን ጋር እንዳረጀ ነበር።

ከዚህ ወደ ሃይማኖታችን ስመለስ፣ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው የሆነው የትንሣኤ ሙታን ትምህርት አዲስ ገጽ ያሳየኛል። ሊቃውንቶቻችን ሰው በንስሐ ከኃጢአት ሞት የሚነሣበትን ትንሣኤ ልቡና ብለው፣ በመጨረሻው ቀን ሙታን ሁሉ የሚነሡበትን ደግሞ ትንሣኤ ዘጉባኤ ብለው ለይተው ያስተምራሉ። ስለ ኋለኛው ሲነገር ሰው የሚደነቀው አፈር የሆነ ሥጋ እንዴት ይሰበሰባል በሚለው ነው፤ ኒሳዊው ጎርጎርዮስም በዚህ ነገር ብዙ ደክሟል። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ጉባኤ መሆኑ ነው። ስለ ምን በአንድነት? ጻድቁ አቤል ስለ ምን ይህን ያህል ዘመን ይጠብቃል? ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ ያለፉትን አባቶች ሁሉ በእምነታቸው ካመሰገነ በኋላ፣ የተስፋውን ቃል ገና አልተቀበሉም፣ ያለ እኛም ፍጹማን አይሆኑም ብሎ ሲደመድም፣ ለአባቶች የተደረገ በደል ይመስለኝ ነበር። ከዲፈረንሻሉ ወዲህ ግን ቸርነት ሆኖ ታየኝ። ወንድሙ ሳይነሣ ብቻውን የተነሣ፣ ከማያረጅ ሥጋ ጋር በሚያረጁ ሰዎች መካከል የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ጩኸት ይሰማው፣ ምን ዓይነት ጩኸትስ ያሰማቸው ይሆን? አባቶች የሚጠብቁት ለእኛ ብቻ ሲባል አይደለም፤ አዲስነታቸው ከእኛ አሮጌነት ጋር እንዳይፋጭ ለራሳቸውም ጭምር ነው ቢባል ከሃይማኖት የሚወጣ አይመስለኝም።

ትንሣኤ ልቡና ግን በጉባኤ አይደለም፤ ሰው የሚመለሰው አንድ በአንድ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መጠጥ ትቶ ወደ ቤቱ የገባ አባወራ፣ ስካሩን ለምደው ጠባያቸውን በዚያ ልክ ከሞረዱት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በመጀመሪያው ዓመት የሚገጥመውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ስደተኛውም እንዲሁ ነው። በካርቱም ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖረው፣ ጦርነቱ ከተማዋን ካነደዳት በኋላ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ከተመለሱት መካከል፣ በወንድማቸው ቤት እንግዳ ሆነው የተቀመጡ አሉ፤ ወንድሙ ክፉ ሳይሆን፣ ተመላሹም ክፉ ሳይሆን፣ አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ አልቀው ስለ ተገናኙ። ይህን ኀዘን ለማስረዳት ጥፋተኛ መፈለግ የተለመደ ነው፤ ጥፋተኛ በማግኘትም ፖለቲከኞቻችንን ማንም አይቀድማቸውም።

ይሁን እንጂ በዚሁ መኪና ውስጥ ነገሬን የሚቃወም አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። በካምቢዮው ውስጥ፣ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ብረቶች ማርሽ ሲለወጥ ሳይጋጩ እንዲያያዙ፣ በመካከላቸው የነሐስ ቀለበት ይገባል፤ ቀለበቱ አስቀድሞ አንዱን በመንካት ፍጥነቱን ከሌላው ጋር ያስተካክልና ከዚያ በኋላ ጥርሶቹ ይያያዛሉ። ነሐስ የሆነው ከብረቱ እንዲለሰልስ ታስቦ ነው፤ መፋጨት ስለማይቀር፣ የሚያልቀው እርሱ እንዲሆን ነው። እንግዲህ አዲስ ሆኖ ከአሮጌ ጋር መግጠም ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ አዲሱ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ የሚለውም ይጠየቃል። በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው ሰው ከሌጌዎን በዳነ ጊዜ፣ ያገሩ ሰዎች ያዳነውን ጌታ ከአገራችን ሂድልን ብለው ለመኑት፤ የዳነው ሰው ከጌታ ጋር ለመሄድ ለመነ፤ ልመናቸው የተፈጸመላቸው ፈሪዎቹ ሲሆኑ፣ እርሱ ግን ተከልክሎ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ተላከ። የእራፊውን ምሳሌ የተናገረ ጌታ፣ አዲስ የሆነውን ይህን ሰው፣ በሰንሰለት ሊያስሩት ሲሞክሩ ወደ ኖሩት ወገኖቹ ብቻውን መለሰው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማስማማት ብዙ ደክሜ የደረስሁበት፣ ሰውዬው የተላከው እንደ ፒኞኑ ሳይሆን እንደ ቀለበቱ ይሆናል የሚል ግምት ነው፤ ባሕርያቸውን ሊቀድ ሳይሆን፣ ፍጥነታቸው ከፍጥነቱ እስኪስተካከል ድረስ በመካከላቸው ሊያልቅ።

ይህን ግምቴን ለመካኒኩ ባጫወትሁት ጊዜ ራሱን ነቀነቀና፣ አሳቡ መልካም እንደሆነ፣ ለሂልማን የሚሆን አዲስ ቀለበት ግን ከካርቱም ከጠፋ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ነገረኝ።