ሁለት ሰዓት ብቻ?



ከአዲስ አበባ ጂዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ሰዓት። ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ የዋለች ልጅ ጁሙዓን ጂዳ ልትሰግድ ትችላለች ማለት ነው። ሱብሓነላህ! አላህ በሱረቱ ነሕል ፈረሱን፣ በቅሎውንና አህያውን ካነሳ በኋላ የማናውቀውንም እንደሚፈጥር ነግሮናል።

"ታዲያ ሁለት ሰዓት ምኑ መንገድ ይባላል? ሶላት ያሳጥራል ወይ?" የሚሉ አሉ። አዎ፣ ያሳጥራል። በብዙዎቹ ዑለማዎች ዘንድ መለኪያው ርቀቱ ነው፤ ወደ 80 ኪሎ ሜትር። (ከሐሙሲት ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስ ግን ሙሉውን ይሰግዳል።) ዑመር (ረ.ዐ) ሰላም ከሆነ በኋላም ለምን እንደሚያጥር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ አላህ የሰጣችሁ ሶደቃ ነውና ተቀበሉት የሚል መልስ አገኙ። አውሮፕላን መጣ ተብሎ ሶደቃው አልተነሳም።

ከባዱ ሌላው ነው። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ፣ እናቷን ካየች አምስት ዓመት ያለፋት ስንት እህት አለችን? ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው፣ ኢቃማዋ አልታደሰም፣ ወጥታ መመለሷ አያስተማምንም። ሁለት ሰዓቱ ለእሷ ምን ይሠራላታል? ቤት ያለነው ደግሞ "ተመችቷት ረሳችን" እንላለን።

እስቲ አስማእ ቢንት ኡመይስን (ረ.ዐ) አስታውሱ። ከባለቤቷ ከጀዕፈር ጋር ያንኑ ቀይ ባሕር ወደኛ አገር ተሻግራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየች። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ስትመለስ ሐፍሷን ልትጠይቅ ገባች። ዑመር አገኟትና "በሂጅራ ቀድመናችኋል" አሏት። ተቆጣች። እናንተ መልእክተኛው ዘንድ ሆናችሁ የተራበው ሲበላ ያልተማረው ሲማር፣ እኛ በሩቅ ባዕድ አገር ነበርን አለች፤ ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳትነግር እህል ውሃ እንደማትቀምስም ማለች። እሳቸውም ለዑመርና ለባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ፣ ለእናንተ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት አላችሁ አሏት። ሩቅ የነበረችው አልተረሳችም፤ እንዲያውም ተደረበላት።

ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ከዐስር በኋላ በኢሞ ደውሉላት። ስለ ብር አታንሱ፤ ቤቱ አልቆ እንደሆነም አትጠይቋት፣ ሌላ ቀን ይደርሳል። ስልኩን ለእናቷ ስጧት። የተበዳይ፣ የመንገደኛና የወላጅ ዱዓ እንደማይመለስ በሐዲስ መጥቷል፤ ከሦስቱ ምናልባት ሁለቱ በዚያች ስልክ ላይ ይገናኛሉ። ጂዳና እኛ ደግሞ ሰዓታችን አንድ ነው፤ "እዚያ አሁን ሌሊት ይሆናል" የሚያሰኝ ነገር የለም።