ሽበት ጨዋታን አይከለክልም

የአገሬ ሰዎች፣ እናንት የዕድሜ እኩዮቼ፣ ከእኛም በኋላ የምትመጡ ልጆቼ፤ ዛሬ የማነሣው ነገር እንደ ዕርቅና እንደ ድንበር ጉዳይ ከባድ አይመስልም። ነገር ግን ብዙ ቤት ገብቶ ብዙ ሰው ያለ ዕድሜው ያስረጀ ነውና ታግሣችሁ አድምጡኝ። የምነግራችሁ ስለ ተውነው ጨዋታ ነው፤ ስለ እስክስታው፣ ስለ ዝላዩ፣ ስለ ሩጫው፣ ሰውነት ደስ ብሎት ስለሚንቀሳቀስበት ነገር ሁሉ።

እኛ ዘንድ ሰው አርባን ሲሻገር ማንም ተው ሳይለው ጨዋታውን ይተዋል። ልጅ ድሮ፣ ሽምግልና ተቀምጦ፣ «ጋሼ» መባል ሲጀምር ጋቢውን ደርቦ ጥጉን ይይዛል። ሠርግ ቤት ከበሮው ሲመታ ትከሻው እየሰማ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ጠላውን ይጎነጫል። እናቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ልጃቸው ሲዳር እልልታው ከጉሮሯቸው ይወጣል፣ እግራቸው ግን ከጓዳ አይወጣም። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ዓመት በሌላው ላይ ይደረባል፤ ጉልበት ይተሳሰራል፣ ወገብ ይከብዳል፣ ፊትም ይጠቁራል።

ጭምትነት መልካም ነው። አፍን መሰብሰብ፣ ቁጣን መዋጥ፣ የሰማነውን ሁሉ አለማውራት የሽማግሌ ጌጥ ነው። አባቶቻችን ግን ጭምት ሁን ሲሉን ጉልበትህን እሰር አላሉንም። እንዲያውም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ተርተዋል። ታኅሣሥ 29 ቀን የጨዋታው ኳስ ሩሯ ሜዳ ላይ ስትጣል ጌታና ሎሌ፣ አባትና ልጅ ገናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ዱላው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው እንኳ መቆጣት ወግ አይደለም፤ የተሸነፈም ሲሰደብ ስቆ ያልፋል። ልብ አድርጉ፣ ይህ ተረት የተነገረው ለጌታው ነው። ጌታው ሜዳ የማይወርድ ቢሆን ኖሮ አትቆጣ ማለት ለምን ያስፈልግ ነበር? ትልቁም ሰው ይጫወት ስለነበር ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ፣ ደምበጫንና ቡሬን አልፋችሁ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ብትገኙ የአገው ፈረሰኞችን ታያላችሁ። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉም ዓድዋ የዘመቱትን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። እዚያ ሽበታሙ አባት ከልጅ ልጁ እኩል ይጋልባል። እግሩን እርካብ ላይ እስኪያደርግ ደጋፊ ይሻ ይሆናል። ኮርቻው ላይ ከተደላደለ በኋላ ግን ወገቡ ይቀናል፣ ልጓሙን ሰብሰብ ያደርጋል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሜዳውን ያያል። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመትህ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ብቻውን ቢሆን ይሉኝታ ይይዘው የነበረውን ሰው ማኅበሩ ደፋር አድርጎታል።

የቤተ ክርስቲያናችንንም ወግ ተመልከቱ። ጎጃም የዲማና የዋሸራ አገር ነው፤ የሊቃውንቱን ክብር ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እነዚያ የምንፈራቸውና የምናከብራቸው መሪጌቶች በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ምን ያደርጋሉ? ጉልበቱን እያስታመመ መቋሚያውን ተመርኩዞ የመጣው አባት ከበሮው ቀስ ብሎ ሲጀምር መቋሚያውን ከመሬት ያነሣል። ጸናጽሉ በአንድ እጁ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ቀና ይላል። ወረቡ ሲሞቅ፣ ምቱ ሲፈጥን፣ ያ የደከመ እግር ከወጣቱ ዲያቆን ጋር እኩል ይረግጣል። ዓለም እንኳ ይህን በዓል አይቶ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ አስፍሮታል። ንጉሥ ዳዊትም በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘል ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው፤ እርሱ ግን ከዚህም በላይ ዝቅ እላለሁ አላት እንጂ አላፈረም። በመስኮት ሆኖ የሚንቅ ዛሬም አይጠፋም። እናንተ ከሜልኮል ጋር አትቁሙ።

ገበሬ የሆናችሁ ምራንን ታውቁታላችሁ። ክረምት ከበጋ ቀንበርና ሞፈር ሲያያይዝ የሚውለው ምራን እንደ ልብ ይተጣጠፋል። ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ የከረመው ግን ደርቆ፣ ላጥፍህ ሲሉት ይሰነጠቃል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ሐኪሞች የሚሉትም ከዚህ አይርቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልቡ ሞቅ እስኪል ይንቀሳቀስ ይላል። ዕድሜው 65 የደረሰ ሰው ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛኑን የሚጠብቅበትንና ጉልበቱን የሚያበረታበትን እንቅስቃሴ እንዲጨምር ይመክራል፤ መውደቅ የሽማግሌ ጠላት ነውና። እስክስታ ትከሻን ይፈታል፣ ሽብሸባ ሚዛንን ያስተምራል፣ ገና ዓይንና እግርን ያስማማል። መድኃኒቱ በደጃችን ነበር።

«እኔ ከሞፈር ጀርባ ስሄድ እውላለሁ፣ ምን እንቅስቃሴ ጎደለኝ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ገበሬና ማገዶ ተሸካሚ እናት የጉልበት ሥራ አልጎደላቸውም። ሥራ ግን ጀርባን ያጎብጣል፣ ጨዋታ ያቃናል። ሥራው ጭንቀት አለበት፤ ዝናቡ ቢቀር፣ ማዳበሪያው ቢዘገይ እየተባለ ይሠራል። ጨዋታ ከዚህ ሁሉ ልብን ለጥቂት ያሳርፋል። ከተማ ያለው ደግሞ ለአጭር መንገድ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ጡረታ ሲወጣ ከወንበር ወደ ወንበር ይዞራል። እርሱ ሁለቱንም አጥቷል።

«በዚህ በሐዘን ዘመን ምን ጨዋታ አለ?» የሚልም አለ። ይህ ያሳዝነኛል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በየቤቱ የተቀመጠ ሐዘን አለ። ሐዘንተኛ ፊት ከበሮ አይመታም፤ ወጉን እናውቃለን። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ጎረቤት ገብቶ ሐዘንተኛውን ያጫውተው የለምን? ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚዘረጋው፣ የድሮ ወሬ የሚነሣው ሟችን ለመናቅ አይደለም፤ የቀረው ሰው እንዳይሰበር ነው። ሐዘን የበዛበት አገር ሳቅ ያስፈልገዋል። ልጆቻችን ደግሞ ይህን ዘመን ሲያስታውሱ የአባታቸውን ኩርፊያ ብቻ ይዘው እንዳያድጉ እሰጋለሁ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ለሚለኝ፣ በልክ ጀምር እለዋለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ሃያ ዓመት የተኛ ጉልበት በአንድ ቀን አይቀሰቀስም፤ ልቡን የሚያመው ወይም ደም ግፊት ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከዚያ ግን ጠዋት ሜዳው ላይ ተራመድ፣ የልጅ ልጅህ ኳሷን ወደ አንተ ስትመታ መልስላት፤ ድብብቆሽ ስትጠራህም «ተይኝ አሞኛል» አትበላት። እናቴ፣ ቀጣዩ ሠርግ ላይ እልልታውን ይዘሽ መሐል ግቢ። እድርተኞች፣ ወር ጠብቃችሁ ስትሰበሰቡ ሒሳቡን ከዘጋችሁ በኋላ ለጨዋታም ጊዜ ስጡት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»።

ወጣቶች ሆይ፣ ለእናንተም አደራ አለኝ። አባታችሁ ሲጨፍር ስልክ አውጥታችሁ መሣቂያ አታድርጉት፤ እጁን ይዛችሁ አብራችሁ ጨፍሩ። ነገ ዕድሜያችን ላይ ደርሳችሁ ይህን ወግ የምትፈልጉት እናንተው ናችሁ። ዛሬ ያፈራችሁበትን ነገ እንደገና ማቆም ይከብዳችኋል፤ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራምና።

ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ፣ ወገባችሁን ያቅናላችሁ፣ የሐዘኑን ዘመን ያሳጥርላችሁ። የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ ትከሻችሁ የሚታዘዝላችሁ ያድርጋችሁ። አሜን።