ሐና የሠራችው ትንሽ መደረቢያ



የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ጡት ካስጣለችው በኋላ፣ በስእለቷ መሠረት በሴሎ ለነበረው የእግዚአብሔር ቤት ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ስላለው የእናትነት ኑሮዋ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ አይነግረንም፤ አንድ ነገር ግን ሳይጽፍ አላለፈም። ከባሏ ከሕልቃና ጋር ለዓመቱ መሥዋዕት በወጣች ቁጥር ለብላቴናው ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ቤታቸው የችጋር ቤት አልነበረም፤ ልጇን ልትሰጥ የሄደች ዕለት ወይፈን፣ ዱቄትና ወይን ይዛ ነበር። አሠርታ መውሰድ ያቅታት ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። ደግሞም ከዓመት ዓመት የምታየውን ልጅ ትከሻ፣ ምን ያህል እንዳደገ እያሰበች፣ በግምት ነበር የምትቆርጠው። ዛሬ የምንነጋገረው ለልጆቻችን የአንድ ቀን ልብስ ስለምናወጣው ገንዘብ ነውና ከዚህች እናት እንነሣ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ወላጅ ነገሩን አስረዱኝ አይልም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ኅዳር 29፣ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ሲከበር፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን የባህል ልብስ ለብሰህ ና ይሉታል። ጥምቀት ሲደርስ ነጭ ቀሚስ፣ ኢሬቻ ሲመጣ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር የተዋሃደበት ልብስና ጨሌ ይፈለጋል። በዓመቱ መጨረሻ የአፀደ ሕፃናት ምርቃት አለ፤ ሕፃኑ ጋዋንና ቆብ ያጠልቃል፣ ለትርኢቱም ሐኪም ወይም አብራሪ መስሎ ይቀርባል። ከእነዚህ አብዛኞቹ አንድ ቀን ተለብሰው ይሰቀላሉ፤ በዓመቱ ሲወርዱ ልጁ አድጎባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ከሰፈረው ሰው ብዙው የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽቶ የወጣ ነው። ልብሱን ፍለጋ ግን ተመልሶ ወደዚያው ይወርዳል፤ የሰበታው በአለም ገናና በአየር ጤና፣ የቡራዩው በአስኮ፣ የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ አድርጎ፣ መድረሻው መርካቶ ወይም ሽሮ ሜዳ ነው። የታክሲው ሂሳብ ልብሱ ሳይገዛ ወጥቷል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ደግሞ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗልና ከውጭ የሚገባው ጨርቅና ክር አብሮ ንሯል።

ይህን ወጪ እቤት በመስፋት መቀነስ ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ በቅርብ እንየው። ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የባህል ቀሚስ የሚያስፈልገው አቡጀዲ፣ መቀስ፣ መርፌና ክር፣ ከአሮጌ ነጠላ የተረፈ ጥለት ነው። ነጠላ ሲያረጅ ቀድሞ የሚሳሳውና የሚቀደደው መሐሉ ነው፤ ጥለቱ ግን ደህና ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው። ያንን ቆርጦ ማስቀመጥ ነው። አቡጀዲው ሳይቆረጥ በፊት መታጠብ አለበት፤ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ ከአንድ እጥበት በኋላ ያጥራል። ሲደርቅ ለሁለት ታጥፎ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ይለካል፤ ከግርጌው አንድ ስንዝር ያህል ይጨመርና ወደ ውስጥ ታጥፎ በሰፋፊ ስፌት ይያዛል። ልጅቷ ስታድግ ስፌቱ ተተርትሮ እጥፋቱ ይለቀቃል፤ ቀሚሱ ለከርሞም ይደርሳል። ጥለቱ በአንገቱ፣ በደረቱና በእጅጌው ጫፍ ላይ ይዘመዘማል። ሐኪም መምሰል ለሚፈልገው ልጅ የአባቱ ነጭ ሸሚዝ እጅጌው አጥሮ ቢሰጠው ይበቃዋል፤ የአብራሪው ቆብ ከካርቶን ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ከሰፈር ሱቅ የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው።

ቁጠባ ግን ብቻውን ጽድቅ አይሆንም፤ ንፉግም ይቆጥባል። ሁለቱን የምንለየው ብሩ በቀረበት ቦታ ምን እንደገባ በማየት ነው። ንፉግ ከልጁ ላይ ቀንሶ ዝም ይላል። የምትሰፋ እናት ግን ባላወጣችው ብር ፋንታ ጊዜዋንና ዐሳቧን ታስገባለች፤ የልጇን ትከሻ ትለካለች፣ ዘንድሮ ምን ያህል እንዳደገች ታውቃለች። ልጅቷም አጠገቧ ቁጭ ብላ ክር ስታቀብል፣ ክብር ከድካም እንደሚወለድ ታያለች። ይህን ትምህርት አገራችን ከማንም አልተዋሰችም። እናቶቻችን ጥጡን ፈልቅቀው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ይሰጡ ነበር፤ የቤቱ ጋቢ ከቤቱ እጅ ጀምሮ ነበር የሚመጣው። ቤተ ክርስቲያናችንም እመቤታችንን ቅዱስ ገብርኤል ባበሠራት ሰዓት ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደነበር ታስተምራለች፤ ሠዓሊዎቻችንም በእጇ ክር አስይዘው ሥለዋታል። ታላቁ ብሥራት ሥራ ላይ ያለች እጅን ሲያገኝ፣ እጅ ሥራን የድሃ ምልክት አድርጎ የሚያይ ክርስቲያን በምን አፉ ይከራከራል? ልጆቹም ቢሆኑ ያውቁታል፤ የቡሄን ጅራፍ ራሳቸው ገምደው የሚያስጮኹት እነርሱ ናቸው።

«ልጄ በጓደኞቿ ፊት ታፍርብኛለች» የሚለው ወላጅ የሚፈራው ነገር በእርግጥ አለ። ሕዝባችንም ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይላል፤ በዓልን በክት ልብስ ማክበር የአባቶች ሥርዓት ነውና ይህን ተረት አንንቀውም። ነገር ግን ተረቱ ያለሽን ደህና ልብስ ለበዓሉ አውጪ ይላል እንጂ ተበድረሽ ግዢ አይልም። ጥለቱ ቀጥ ብሎ የተዘመዘመ ንጹሕ አቡጀዲ ከየትኛውም የክት ልብስ ጎን ይቆማል። ልጅ የሚያፍረው በአብዛኛው ወላጁ ሲያፍር አይቶ ነው፤ «ለዘንድሮ ይሄንን ቻለው» ተብሎ የተሰጠው ልብስ ውርደት ይሆንበታል፣ «ይሄን የሰፋነው አንቺና እኔ ነን» የተባለች ልጅ ግን ለጓደኞቿ ታወራዋለች። ሐዋርያው ያዕቆብም ወርቅ ቀለበት ያጠለቀውንና የሚያምር ልብስ የለበሰውን በክብር ቦታ፣ ድሃውን በእግር መርገጫ የሚያስቀምጠውን ጉባኤ ገሥጿል (ያዕ. 2፥2-4)። እንግዲያው በልብስ የሚያፌዝ ካለ መታረም ያለበት የሚያፌዘው ነው፤ በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ኃላፊነት በዓሉን የሚያዘጋጁት መምህራን ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ሁሉም እቤቱ ከሰፋ የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ምን ይበላል? ጥያቄው የባልንጀራን እንጀራ ያሰበ ስለሆነ የተከበረ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ቀን ተብሎ በርካሽ ከሚገዛው ብዙው ልብስ የሸማኔ እጅ ያላረፈበት፣ ጥለት መሳይ ሥዕል በፋብሪካ የታተመበት ከውጭ የመጣ ጨርቅ ነው። ይህን መግዛት ሸማኔውን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ጥለት የሚሆን አሮጌ ነጠላ የሌላት እናት እውነተኛ ጥለት ከሸማኔ ገዝታ በአቡጀዲ ላይ ብትዘመዝመው፣ ገንዘቧ ትንሽም ቢሆን ወደ ሠራተኛው እጅ ይደርሳል። ለልብስ ሰፊውም መቁረጡን ትታችሁለት ዝምዝማቱን እቤት ብትጨርሱት የድካሙን ያገኛል። ሙሉ ሸማ ማሠራት የሚችል ሰው ደግሞ ያሠራ፤ ለዓመታት የሚለበስ፣ ከታላቅ ለታናሽ የሚወርድ ሸማ ከብክነት አይቆጠርም። የምንነቅፈው ለአንድ ፎቶ ተገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚበሰብሰውን ነው።

ሦስተኛው «ጊዜ የለኝም» ነው። ይህን የምትለው ሴት ብዙውን ጊዜ እውነቷን ነው። በአለም ገና የቱርክ ባለሀብቶች አቋቁመውት ለጀርመን ገበያ ጭምር ያመርት እንደነበረው አይካ አዲስ ባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ ብዙ እጆች የሌላ አገር ልጅ የሚለብሰውን ሲሰፉ ኖረዋል፤ በፈረቃ ደክማ ለገባች እናት ሌላ መርፌ ማስያዝ ሸክም መጨመር ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን የእናት ብቻ ማድረግ ስሕተት ነው። እግዚአብሔር ለድንኳኑ ሥራ ጥበብን የሞላባቸው ባስልኤልና ኤልያብ ወንዶች ነበሩ፤ ከተሰጣቸው ሙያ ውስጥም ጥልፍና ሽመና ይገኛል (ዘጸ. 35፥30-35)። በእኛም አገር ሽመና ላይ የሚቀመጠው፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚነዳው በአብዛኛው ወንድ ሆኖ ሳለ፣ አባት መርፌ ሲያይ የሴት ሥራ ነው ማለቱ ከመጽሐፉም ከባህሉም የራቀ ሰበብ ነው። የቀረውን ጎረቤት ይሙላው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ። አንዷ ሲንጀር የስፌት መኪና አላት፣ ሌላዋ መቁረጥ ታውቃለች፣ ሦስተኛዋ ጨሌ መሰካት ትችላለች፤ ለዕቁብና ለእድር የሚሰበሰብ ሰው ለዚህ መሰብሰብ አያቅተውም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ትምህርት ቤቶች የባህል ቀንን ማስታወቂያ ቀኑ ሊገባ ሲል መላክ ቀርቶባቸው ከወር በፊት ይናገሩ፤ መርፌ ቀን ይፈልጋል። ወላጅን ጋዋን እንዲከራይ ከማስገደድ ይልቅ ከዓመት ዓመት የሚለበስ የጋራ ጋዋን አሰፍተው ያስቀምጡ። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ልጆች ያደጉባቸውን ነጭ ቀሚሶች እያሰባሰቡ ለታናናሾቹ ያድሉ። መስፋት የማይችል ይዋስ፤ መዋስ ነውር የሚሆነው ሳይመልሱ ሲቀሩ ነው። የሰፋም ቢሆን ይጠንቀቅ፤ በገዛው ልብስ የሚኮራ ሰውና «እኔ እንደ እናንተ ገንዘብ አልበትንም» እያለ በሰፋው የሚመጻደቅ ሰው የታመሙት በአንድ በሽታ ነው።

በመጨረሻ፣ የተረፈው ብር ወዴት ይሂድ? በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶች በቅዱስ ጴጥሮስ ዙሪያ ቆመው እያለቀሱ ያሳዩት እርሷ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ሐና ለልጇ ሰፋች፤ ጣቢታ ደግሞ ልብስ ለሌላቸው ሰፋች። የቁጠባችን መንገድም ከመጀመሪያዋ ወደ ሁለተኛዋ ሲደርስ ነው የሚሞላው። እንግዲህ ለልጅህ አቡጀዲ ስትገዛ ለአንድ ሌላ ልጅ የሚበቃ ጨምር፤ ታክሲና ገበያ ይወስድብህ የነበረው ይሸፍነዋል። በሰፈርህ አባት የሞተበት ወይም እናቱ ሥራ የፈታችበት፣ የባህል ቀን በመጣ ቁጥር አሞኛል ብሎ የሚቀር ልጅ እንዳለ ጠይቅ፤ ቁመቱን ከልጅህ ጋር አስተያይና ሁለቱን ልብስ በአንድ ማታ ቁረጥ። የእጃችንን ሥራ እግዚአብሔር ያቅናልን፤ ቤታችንን ከብክነትም ከንፉግነትም ይጠብቅልን።