ሙያ በልብ ብቻ?

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል መልካም ጎን አለው፤ ጉረኛን ዝም ያሰኛል። በየመሥሪያ ቤቱ ግን ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት እንሰማዋለን፦ የምታውቀውን ለራስህ ያዝ፣ ያሳየኸው ሰው ነገ ወንበርህን ይወስዳል።

ድሬዳዋ ይህን ጠባይ ከጥንት ታውቀዋለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሲደርስባት ነው። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበረ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ሠራተኛ መጽሐፉ አጠገቡ የቆመው ሰው ነበር። ያ ሰው ካላሳየው በቃ። ዛሬ አጠገባችን የቆመው ሰው ቴሌግራም ውስጥ ነው።

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በዚያው በአሮጌው ሐዲድ መሥመር ላይ ባለችው ሁርሶ የምትሠራ አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናስብ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የቆላውን ፀሐይ ደግሞ እናውቀዋለን። በብልቃጡ ላይ የሙቀት ምልክት አለ፦ በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን። የውስጡ ከውጪው ነጣ ካለ፣ ቀኑም ካላለፈ፣ ክትባቱ ይሰጣል፤ እኩል ከሆነ ወይም ከጠቆረ ይጣላል። እርሷ ግን ቀለሙ አልለይ አላት። ፎቶ አንሥታ በባልደረቦቿ ግሩፕ ላይ «ይህ ይሰጣል ወይ?» ብላ ጻፈች፤ ሳትልከውም አጠፋችው። ኃላፊዋ እዚያ አለ። «ይህን እንኳ አታውቂም?» ቢላትስ?

ጥፋቱ የማን ነው? ብዙዎቻችን «ትጠይቅ ነበር» እንላለን። እኔ ግን የማየው ወደ ቀሩት አርባ ሰዎች ነው። ባለፈው ሳምንት ሌላው ሲጠይቅ አይተው ያለፉት፣ ወይም የሳቅ ምልክት የለጠፉት እነርሱ ናቸው። እያንዳንዱ «ሌላው ይመልሳል» ብሎ ነበር። ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ዝም የሚል ሰው ያፍራል፤ ግሩፕ ላይ ዝም ያለውን ማን ያየዋል?

«እውቀቴ እንጀራዬ ነው» የሚል ይኖራል። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። ጋራዥ ከፍቶ ልጆቹን የሚያሳድግ መካኒክ ለዓመታት የለፋበትን ዘዴ ለተፎካካሪው ስላልሰጠ አልፈርድበትም። በሕዝብ ገንዘብ ሠልጥኖ፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚደብቅ ግን የሚደብቀው የራሱን አይደለም። ዘፀአት 35ን አንብቡ። እግዚአብሔር ባስልኤልን በጥበብ ሞላው ብቻ አይልም፤ እርሱና ኤልያብ ሌሎችን እንዲያስተምሩም በልባቸው አኖረ ይላል። ሙያ በልብ ከሆነ፣ ማስተማርም የተቀመጠው እዚያው ልብ ውስጥ ነው።

ማካፈል ሲባል ግን ያገኙትን ሁሉ መወርወር አይደለም። የእናትየዋና የሕፃኑ ፊት፣ በካርዱ ላይ ያለው ስም ግሩፕ ላይ አይወጣም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ «መመሪያ» ፎርዋርድ ማድረግማ ከዝምታም ይብሳል። ያልተረዳ ሰው «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለጊዜው አትስጪው፣ ጤና ጣቢያው ደውለሽ ጠይቂ» ቢል ረድቷታል። ደግሞም ቴሌግራም ሊጠፋ ይችላል፤ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለወራት ተገድቦ ሲቆይ አይተናል። ያን ጊዜ መልሱን በልቡ የያዘና ስልክ የሚያነሣ ባልደረባ ያለው ሰው ብዙም አልተቸገረ ይሆናል።

ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ አንድ ነገር በየቢሯችሁ ልትሞክሩ ትችላላችሁ። ሁላችሁም ጋሼ ወይም እትዬ የምትሉትን አንጋፋ ባለሙያ፣ የማያውቀውን አንድ ነገር ራሱ በግሩፑ ላይ እንዲጠይቅ ለምኑት። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰው «ይህ እንዴት ነው?» ብሎ ከጻፈ፣ ገና ስድስት ወር የሠራችው ልጅ ጽፋ የምታጠፋበት ምክንያት ያንሳል። ኃላፊውም ያንን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልስ ሁሉም ያየዋል።